የውጭ ተማሪው ክፍያና የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ካዝና፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ደብዳቤዎቻችሁ አብዛኞቹ የእንግሊዝ ሀገር የትምህርት ክፍያን የሚመለከቱ ናቸው። መልሶቻችንም ስለ እንግሊዝ ናቸው፤ ስኮትላንድና ዌልስ በአንዳንድ ነገር የራሳቸው ደንብ አላቸው። የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄን በሰሜን እንግሊዝ የሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ተቀብሏታል። የዓመቱ ክፍያ 17,500 ፓውንድ ነው። እዚያው ተወልዶ ያደገው የወንድሜ ልጅ ግን የመጀመሪያ ዲግሪውን በዓመት በ9,535 ፓውንድ ነው የሚማረው። እኛ ላይ እጥፍ ሊሆን የደረሰው ለምንድን ነው? ዋጋ መከራከርስ ይቻላል? — አባት፣ ከአያት፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ የወንድምዎ ልጅ የሚከፍለውን ጣሪያ የሚወስነው መንግሥት ነው። ያ ጣሪያ በ2012 9,000 ፓውንድ ነበር፤ በ2017 9,250 ሆነ፤ ከዚያ በኋላ እስከ 2025 ድረስ ንቅንቅ አላለም። በነዚህ ዓመታት የመምህራን ደመወዝ፣ የጡረታ መዋጮ፣ የመብራትና የማሞቂያ ወጪ ሲንር ከሀገሬው ተማሪ የሚገኘው ገቢ ባለበት ቆሟል። ምርምርም ያከስራል፤ ዩኒቨርሲቲዎች ለምርምር ከሚያወጡት ሙሉ ወጪ ከገንዘብ ሰጪዎች የሚመለስላቸው ከ70 በመቶ በታች ነው። ይህን ቀዳዳ የሚደፍኑት ጣሪያ በሌለው የውጭ ተማሪ ክፍያ ነው። በሀገር ደረጃ ከጠቅላላ ገቢያቸው ከአምስት አንድ በላይ የሚሆነው ከዚሁ ይመጣል፤ አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ጋ ከሦስት አንድም ያልፋል።

የአንድ ዓመት ማስተርስ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። እንደ ቢዝነስና ማኔጅመንት ያለው ትምህርት ላቦራቶሪ አይፈልግም፤ አንድ መምህር በአንድ አዳራሽ መቶ ሁለት መቶ ሰው ያስተምራል፤ ተማሪው በዓመቱ ተመርቆ ሲወጣ ሌላው ሙሉ ክፍያ ይዞ ይተካል።

ስለዚህ ልጅዎ ዩኒቨርሲቲውን የምትፈልገውን ያህል ዩኒቨርሲቲውም እሷን ይፈልጋታል፤ መጠየቅ አያሳፍርም። ብዙዎቹ «ኢንተርናሽናል ስኮላርሺፕ» ብለው ከ2,000 እስከ 5,000 ፓውንድ ይቀንሳሉ። ስሙ ስኮላርሺፕ ይሁን እንጂ የዋጋ ቅናሽ ነው፤ አንዳንዱ ሳይጠየቅ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ካልጠየቁት ዝም ይላል። ሙሉውን ባንዴ ለሚከፍል ጥቂት የሚቀንሱም አሉ። ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተሻለ ቅናሽ ሰጥቷት ከሆነ ደብዳቤውን አያይዛ ለቅበላ ክፍሉ ኢሜይል ታድርግ። ይህን ሁሉ የምታደርገው ግን ቅድመ ክፍያው ሳይከፈል ነው፤ ገንዘቡ ከገባ በኋላ የሚሰማት የለም። የተፈቀደላት ቅናሽ ደግሞ ካስ ተብሎ በሚጠራው፣ ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ በሚያወጣው ማረጋገጫ ላይ በአኃዝ መስፈሩን ትመልከት። ካሱ ላይ የሌለ ቅናሽ ለቪዛ መኮንኑ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል፤ በዚያ ልክም ባንክ ውስጥ ተጨማሪ ገንዘብ አሳይ ይባላል።

ጥያቄ፦ ባንክ ውስጥ በትክክል ስንት ብር መኖር አለበት? በስንት ቀን? ገንዘቡ ያለው አጎቴ ጋ ነው። — እህት፣ ከጎንደር

መልስ፦ እህታችን፣ የቪዛ ጥያቄ በብዛት የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንመልሳለን።

ስሌቱ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ከመጀመሪያው ዓመት የትምህርት ክፍያ ገና ያልተከፈለው ነው። ሌላው የኑሮ ወጪ ሲሆን ከኖቬምበር 2025 ወዲህ ለለንደን በወር 1,529፣ ከለንደን ውጪ በወር 1,171 ፓውንድ ሆኖ ቢበዛ ለዘጠኝ ወር ይታሰባል። ክፍያው 17,500 ቢሆንና 5,000 አስቀድመው ቢከፍሉ ቀሪው 12,500 ነው። ከለንደን ውጪ ከሆነ በዚህ ላይ 10,539 ሲደመር 23,039 ፓውንድ ይሆናል። ለንደን ከሆነ 13,761 ይደመርና 26,261 ይደርሳል። የከፈሉት 5,000 ካሱ ላይ መመዝገቡን ያረጋግጡ፤ ካልተመዘገበ የዩኒቨርሲቲውን ደረሰኝ ይያዙ።

ገንዘቡ ለ28 ተከታታይ ቀናት ከዚህ መጠን መውረድ የለበትም። ስቴትመንቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው የመጨረሻውን ዓምድ፣ የቀሪ ሂሳቡን፣ ከታች ወደ ላይ በጣትዎ እየተከተሉ ያንብቡ። የመጨረሻው መስመር ኦገስት 30 ከሆነ እስከ ኦገስት 3 ድረስ አንድም ቀን ከተፈለገው በታች መሆን የለበትም። ለአንድ ቀን ጎድሎ በማግስቱ ቢመለስ እንኳ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። የስቴትመንቱ የመጨረሻ ቀን ደግሞ የቪዛውን ክፍያ ከሚከፍሉበት ቀን ከ31 ቀን በላይ መራቅ የለበትም። ሰው ገንዘቡን በትክክል አቆይቶ፣ ስቴትመንቱን በጊዜ አውጥቶ፣ ማመልከቻው ስለዘገየበት ብቻ ይከለከላል።

የምንዛሪው ነገርም አለ። ቪዛውን የሚወስነው የእንግሊዝ መሥሪያ ቤት፣ ሆም ኦፊስ፣ ብሩን ወደ ፓውንድ የሚቀይረው ባመለከቱበት ቀን ኦአንዳ በሚባለው ድረ ገጽ ተመን ነው። ባንክዎ የሰጠዎት ተመን አይቆጠርም። ገንዘቡን ባስገቡበትና ባመለከቱበት ቀን መካከል ብር ሊወርድ ስለሚችል ልክ በልክ አያስቀምጡ፤ ቢያንስ አንድ አሥረኛ ትርፍ ይኑር። እዚህ ላይ መቆጠብ አይመከርም።

ወደ አጎትዎ ስንመጣ፣ የአጎት ሂሳብ ተቀባይነት የለውም። የሚታየው የራስዎ፣ የእናት ወይም የአባትዎ፣ የሕጋዊ አሳዳጊዎ ወይም የትዳር ጓደኛዎ ሂሳብ ብቻ ነው። አጎትዎ ገንዘቡን በእርስዎ ወይም በወላጅዎ ስም ያስገቡና 28ቱ ቀን ከዚያ ይቆጠር። ዩኒቨርሲቲው «ይህ ገንዘብ በድንገት ከየት መጣ» ብሎ መጠየቁ ስለማይቀር አጎትዎ የስጦታ ደብዳቤ ጽፈው ይፈርሙ፤ የራሳቸውንም ስቴትመንት ያያይዙ። ሂሳቡ የወላጅ ከሆነ የልደት የምስክር ወረቀትና ወላጅ የፈረሙበት የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ማስረጃ ሁሉ ከነትርጉሙ ይቀርባል። አክሲዮን፣ የቤት ካርታ፣ የመኪና ሊብሬ፣ የዕቁብ ገንዘብ አይቆጠሩም።

ከዚህ ሁሉ ውጪ የቪዛ ማመልከቻው ከ500 ፓውንድ በላይ ነው። የጤና አገልግሎት ክፍያው በዓመት 776 ሲሆን ለአንድ ዓመት ማስተርስ ቪዛው ከትምህርቱ በኋላ ጥቂት ወራት ስለሚጨምር የዓመት ተኩል፣ ማለትም 1,164 ፓውንድ ይጠየቃል። አዲስ አበባ በሚገኘው የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት (አይኦኤም) ክሊኒክ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ያስፈልጋል። ምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው ለስድስት ወር ነውና እጅግ ቀድመው አያውጡት፤ ግን ለመጨረሻው ሳምንትም አይተዉት። አክታ እንዲሰጥ የተጠየቀ ሰው የላቦራቶሪ ውጤቱን ለሳምንታት ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲው ከተቀበለኝ በኋላ ቅድመ ክፍያውን ከ3,000 ወደ 8,000 ፓውንድ አሳደገብኝ፤ ደግሞም በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ካላለፍክ ካስ አልሰጥህም አለኝ። ማጭበርበር ይሆን? — ከመቀሌ

መልስ፦ ደብዳቤው በእርግጥ ከዩኒቨርሲቲው ከሆነ ማጭበርበር አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ፈርቶ ነው። በ2025 በነበረው ደንብ የውጭ ተማሪ የማምጣት ፈቃድ ያለው ተቋም ካስ ከሰጣቸው ሰዎች 10 በመቶው ቪዛ ቢከለከሉ ፈቃዱን ሊያጣ ይችል ነበር፤ መንግሥት ይህን ወደ 5 በመቶ ለማውረድ በዚያው ዓመት አስታውቋል። ፈቃዱን ያጣ ዩኒቨርሲቲ ከላይ ያልነው ቀዳዳ ወለል ብሎ ይከፈትበታል። ስለዚህ ሊከለከል ይችላል ብሎ የጠረጠረውን ቀድሞ ራሱ ያጣራል።

በቃለ መጠይቁ የሚወድቁት እንግሊዝኛ የማይችሉ ብቻ አይደሉም። «ለምን ይህን ትምህርት መረጥክ?» ሲባሉ ከድረ ገጹ የሸመደዱትን የሚያነበንቡ፣ የኮርሶቻቸውን ስም የማያውቁ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍል ሲጠየቁ ከስቴትመንታቸው ጋር የማይገጥም ቁጥር የሚናገሩ ይወድቃሉ። ሦስት ኮርሶችን በስም፣ ክፍያውን በአኃዝ፣ የከፋዩን ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ይቻሉ። ቀድሞ ከተማሩት ጋር የማይገናኝ ትምህርት ከመረጡ ምክንያቱን በራስዎ ቋንቋ ያዘጋጁ።

8,000 ፓውንድ ከመክፈልዎ በፊት የተመላሽ ደንቡን ያንብቡ። ቪዛ ሲከለከል አብዛኞቹ ጥቂት የአስተዳደር ወጪ ቀንሰው ይመልሳሉ። ክልከላው ሐሰተኛ ማስረጃ በማቅረብ ከሆነ ግን ወይም ሐሳብ ቀይረው ከቀሩ ላይመልሱ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ቦሌ ያለ ኤጀንሲ «የፕሮሰስ» ብሎ 80,000 ብር ጠየቀኝ፤ የትምህርት ክፍያውንም በእኛ በኩል ላክ አለኝ። — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ውል ያለው ኤጀንት ተማሪው ሲመዘገብ ከዩኒቨርሲቲው ኮሚሽን ያገኛል፤ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ከ15 እስከ 25 በመቶ። በ17,500 ፓውንድ ላይ ሲሰላ ከ2,600 ፓውንድ በላይ ነው። ከእርስዎም ሲጠይቅ ከሁለት ወገን እየበላ ነው፤ ኮሚሽን ወደሚከፍለው ዩኒቨርሲቲ ብቻ እንደሚመራዎትም አይርሱ። ዩኒቨርሲቲዎች በየሀገሩ የሚያሠሯቸውን ኤጀንቶች ዝርዝር በድረ ገጻቸው ያወጣሉ፤ እዚያ ላይ ስሙን ይፈልጉ።

የትምህርት ክፍያን ግን በማንም ደላላ ሂሳብ አይላኩ። ምክንያቱ ሌብነት ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች ተመላሽ የሚያደርጉት ገንዘቡ ወደ መጣበት ሂሳብ ነው፤ ቪዛ ቢከለከሉ ገንዘብዎ ተመልሶ የሚገባው ኤጀንሲው እጅ ነው ማለት ነው። የቅበላ ደብዳቤውን፣ ዩኒቨርሲቲው በስምዎ ያወጣውን የክፍያ መጠየቂያና ፓስፖርትዎን ይዘው ወደ ባንክዎ ይሂዱና በቀጥታ በዩኒቨርሲቲው ስም ያስልኩ፤ የተማሪ መለያ ቁጥርዎ በማስታወሻው ላይ ይጻፍ። ቁጥሩ የሌለበት ገንዘብ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ለሳምንታት ይቀመጣል፤ ካሱም እስከዚያው አይወጣም።

ጥያቄ፦ የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ መጀመር እፈልጋለሁ። ቤተሰቤ የመጀመሪያውን ዓመት መክፈል ይችላል፤ ቀሪውን እየሠራሁ እሞላዋለሁ ብዬ ነበር። ያዋጣል? — ወጣት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ቁርጡን እንንገርህ፤ አያዋጣም። በትምህርት ወቅት የሚፈቀድልህ በሳምንት 20 ሰዓት ነው። በ2025 ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ (ለ21 ዓመትና ከዚያ በላይ) 12.21 ፓውንድ ነበር፤ በሳምንት 244 ገደማ ማለት ነው። ሠላሳ የትምህርት ሳምንት ሙሉ ሳታጎድል ብትሠራ 7,300 ገደማ ታገኛለህ። ይህ የቤት ኪራይና ምግብህንም በቅጡ አይሸፍንም፤ የትምህርት ክፍያው ጋ የሚደርስ ነገር የለውም። ከ20 ሰዓት ማለፍ ደግሞ የቪዛ ደንብ መጣስ ነው።

ትልቁ ስጋት ግን ብሩ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንድ ቤተሰብ ለሦስት ዓመት ያሰበው ገንዘብ ለአንድ ዓመት ተኩል የሚሆን ብቻ ሆነ። በናይጄሪያውያን ላይ የደረሰውም ይኸው ነው፤ በ2023 ናይራ ሲወድቅ እንግሊዝ የነበሩ ተማሪዎች ቀጣዩን ዙር ክፍያ መክፈል አቃታቸው፣ ከትምህርታቸውም የታገዱ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪን ሲያሰናብት በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሆም ኦፊስ ያሳውቃል፤ ቪዛው አብዛኛውን ጊዜ ወደ 60 ቀን ያጥራል።

ሐሳብህ አሁንም እንግሊዝ ከሆነ የመጀመሪያ ዲግሪህን እዚሁ ጨርሰህ ለአንድ ዓመቱ ማስተርስ ብታስብ ይሻልሃል፤ የምንዛሪው ስጋት የአንድ ዓመት ብቻ ይሆናል። አሁኑኑ መሄድህ ካልቀረ ግን የቅበላ ደብዳቤው ላይ ክፍያው ለሦስቱም ዓመት የማይለወጥ ይሁን በየዓመቱ የሚጨምር ፈልገህ አንብብ። የክፍያ ቀን ሊያልፍብህ መሆኑን ስታውቅ ዝም አትበል። ቀኑ ሳይደርስ ለፋይናንስ ክፍሉ በጽሑፍ አሳውቅ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የሚያሳይ ማስረጃ አያይዝ፣ በየወሩ የሚከፈል ዕቅድ ጠይቅ። ከቀኑ በፊት የጻፈና ከሦስተኛው ማስጠንቀቂያ በኋላ የጻፈ ተማሪ እኩል አይታዩም።

ጥያቄ፦ ወንድሜን የተቀበለው ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞቹን እየቀነሰ ነው፤ ኪሳራ ላይ ነው ይባላል። ከፍለን ቢዘጋስ? — ከባሕር ዳር

መልስ፦ ስጋትዎ ባዶ አይደለም። የእንግሊዝ ተቆጣጣሪው፣ ኦፊስ ፎር ስቱደንትስ፣ በ2025 ባወጣው ዘገባ ከአሥር ተቋማት ከአራት በላይ የሚሆኑት በዚያ የትምህርት ዓመት ወጪያቸው ከገቢያቸው እንደሚበልጥ ራሳቸው መገመታቸውን ገልጿል። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በክፍል የሚሰጥ ማስተርስ ተማሪ ቤተሰቡን ይዞ እንዳይገባ ሲከለከል የውጭ አመልካች ቀነሰ፤ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ያን ጊዜ ነው የደነገጡት።

ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ከመዘጋቱ ይልቅ የትምህርት ክፍል ወይም የተመረጠ ኮርስ መዘጋቱ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር ነው፤ ወንድምዎም መጠንቀቅ ያለባቸው ከዚህ ነው። በተቆጣጣሪው የተመዘገበ ተቋም ሁሉ የተማሪ ጥበቃ ዕቅድ ሊኖረውና በድረ ገጹ ሊያወጣው ይገባል። እዚያ ላይ «ኮርሱ ቢዘጋ የጀመሩትን እስኪጨርሱ እናስተምራለን» የሚል ቃል መኖሩን፣ ካሳና ተመላሽም እንዴት እንደሚታይ ያንብቡ።

የሂሳብ ሪፖርታቸው ለሕዝብ ይፋ ነው። ሁሉን ማንበብ አያስፈልግም፤ ሁለት ነገር ይፈልጉ። አንደኛው ካዝናቸው ያለ አዲስ ገቢ ስንት ቀን ያቆያቸዋል የሚለው ነው፤ ከ30 ቀን በታች ሲወርድ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ ግዴታቸው ነው። ሁለተኛው ከትምህርት ክፍያ ገቢያቸው የውጭ ተማሪው ድርሻ ስንት ነው የሚለው። ድርሻው ከግማሽ በላይ ሆኖ የያዙት ጥሬ ገንዘብም ትንሽ ከሆነ ሌላ ቅበላ ካለ ያንን ይምረጡ። ከዚያ ወንድምዎ ለትምህርት ክፍሉ በኢሜይል አንድ ጥያቄ ይላኩ፦ «ይህ ኮርስ በሚቀጥለው ሴፕቴምበር እንደሚሰጥ ታረጋግጣላችሁ?» የሚመጣውን መልስ ያስቀምጡት፤ አንድ ቀን ማስረጃ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሊድስ ነው የምኖረው። በጥገኝነት ጥያቄዬ የስደተኝነት ፈቃድ ካገኘሁ ስምንት ወሬ ነው። ዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪ ክፍያ፣ 16,000 ፓውንድ፣ አስቦብኛል። — እህት

መልስ፦ እህታችን፣ ይህ መታረም አለበት፤ ገንዘቡንም እንዳይከፍሉ። በእንግሊዝ የስደተኝነት ፈቃድ የተሰጠው ሰው ሦስት ዓመት መኖር ሳይጠበቅበት የሀገሬው ተማሪ ክፍያ ይመለከተዋል፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ የመንግሥት የተማሪ ብድርም ማመልከት ይችላል። ስህተቱ ብዙውን ጊዜ የሚፈጠረው በማመልከቻው ቅጽ ላይ ዜግነት «ኢትዮጵያዊ» ወይም «ኤርትራዊ» ተብሎ ሲሞላና የመኖሪያ ፈቃዱ ዓይነት ባዶ ሲተው ነው። ለቅበላ ክፍሉ የክፍያ ደረጃ መጠይቅ እንዲልኩልዎ ይጻፉ፤ የስደተኝነት ውሳኔውን ደብዳቤና ከኦንላይን ቪዛዎ የሚወጣውን የማረጋገጫ ኮድ አያይዙ። ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ውሳኔው በጽሑፍ እጅዎ ይግባ። ካስቸገርዎት ዩኬሲሳ የሚባለው የተማሪዎች አማካሪ ድርጅት በነፃ ያማክራል።

ውሳኔ እየጠበቁ ያሉ ጥገኝነት ጠያቂዎች በአብዛኛው የውጭ ተማሪ ዋጋ ይመለከታቸዋል። ነገር ግን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች «ሳንክቹዋሪ ስኮላርሺፕ» የሚባል ክፍያውን ሙሉ በሙሉ የሚተው ዕድል አላቸው፤ ቦታው ጥቂት ነው፣ ማመልከቻውም ከቅበላው ለብቻው ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴንና ልጄን ይዤ መሄድ እችላለሁ? — ከድሬዳዋ

መልስ፦ በክፍል ለሚሰጥ ማስተርስ አይቻልም። ለዶክትሬትና በምርምር ለሚሠራ ማስተርስ ይቻላል። ከምረቃ በኋላ ሥራ ለመፈለግ የሚሰጠው የሁለት ዓመት ፈቃድም ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ ለሚያመለክቱ 18 ወር ይሆናል፤ ለዶክትሬት ሦስት ዓመቱ አልተነካም።

ጥያቄ፦ ለእንግሊዝ አቅም የለንም። ጀርመን ነፃ ነው ይባላል፤ እውነት ነው? — ከጅማ

መልስ፦ በአብዛኞቹ የጀርመን ግዛቶች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያ የለም፤ በየሴሚስተሩ የሚከፈል መዋጮ ብቻ አለ። ባደን ቩርተምበርግ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የሚመጣውን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል፤ የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለአዲስ ገቢዎች እንደ ትምህርቱ በሴሚስተር ከ2,000 እስከ 6,000 ዩሮ ጠይቋል።

ትምህርቱ ነፃ ቢሆንም ብሎክድ አካውንት የሚባል ዝግ ሂሳብ ከፍቶ 11,904 ዩሮ ማስቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ ግድ ነው። ገንዘቡ የራስዎ ነው፤ ጀርመን ሲደርሱ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅልዎታል። የቅበላ ደብዳቤው እጅዎ ሳይገባ ገንዘቡን አይላኩ። ሲልኩም የማስተላለፊያ ክፍያው ከላዩ ላይ እንደሚቆረጥ አስበው ከመቶ ዩሮ ያላነሰ ጨምሩበት፤ 11,880 ዩሮ የደረሰለት ሰው ቀሪዋን 24 ዩሮ እንደገና ከኢትዮጵያ ለማስላክ ሳምንታት ይፈጅበታል፣ የኤምባሲ ቀጠሮውም ያልፍበታል።